ፍሬንን ለፈጣን መኪና ማዘጋጀት፦ መጀመሪያ ሙቀቱን፣ ቀጥሎ ዕቃውን

የሞተሩን ጉልበት ያሳደገ ወይም ከፋብሪካው ፈጣን ሆኖ የወጣ መኪና የገዛ ሰው ስለ ፍሬን ማሰብ ሲጀምር፣ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በቸርኬው ክንዶች መካከል በሚታየው ትልቅ ዲስክና ቀለም በተቀባው ባለ ስድስት ፒስተን ካሊፐር ላይ ነው። ካሊፐር በዘይት ግፊት በሚገፉ ፒስተኖች ፓድ የሚባሉትን የሰበቃ ሰሌዳዎች ከዲስኩ ጋር የሚያጣብቅ መያዣ ነው። ዕቃው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በፈጣን መኪና ላይ ፍሬን የሚደክመው በአብዛኛው የመጭመቅ ኃይል አንሶት ሳይሆን ሙቀቱን መሸከምና ማስወጣት አቅቶት ነው። ጤነኛ የፋብሪካ ፍሬን ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) እስኪሠራ ድረስ ጎማውን መያዝ ከቻለ፣ ትልቅ ካሊፐር መጨመር አንድ ጊዜ ለመቆም የሚፈጀውን ርቀት አያሳጥረውም፤ የመቆሚያውን ርቀት የሚወስነው ጎማው መንገዱን የሚይዝበት አቅም ነውና። የትልቅ ፍሬን ጥቅም የሚታየው ተከታትሎ በሚመጣው በአሥረኛው የፍሬን አያያዝ ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ክፍል በሙቀት እንደተሸነፈ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ የምይዝበት ምክንያት አለኝ። ለትራፊክ ዝግ በሆነ የመሮጫ ሜዳ ላይ አራተኛውን ዙር ጨርሼ ወደ ጠባቡ መታጠፊያ ስቃረብ፣ ፔዳሉን ስረግጠው እግሬ ከነፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ። በፍጥነት ሁለቴ ደጋግሜ ስረግጠው በሦስተኛው ያዘ፤ መኪናው ግን መታጠፊያውን አልፎ ጠጠሩ ላይ ቆመ። ቸርኬውን ስፈታ ፓዶቹ ግማሽ ውፍረታቸው ነበራቸው፣ ዲስኩም ስንጥቅ አልነበረበትም። ከካሊፐሩ የወጣው የፍሬን ዘይት ግን ጠቁሮ ነበር፤ ከተቀየረ ሦስት ዓመት አልፎታል። መለወጥ የነበረበት ከሁሉ ርካሹ ነገር ነበር።

ሙቀቱ ምን ያህል ነው?

ፍሬን የመኪናን የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ ሙቀት የሚቀይር መሣሪያ ነው። ይህ ጉልበት ከክብደት ጋር በቀጥታ፣ ከፍጥነት ጋር ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 580 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል፤ በ200 ሲሄድ ግን አራት እጥፍ፣ ማለትም 2300 ኪሎ ጁል ያህል ይሆናል። ከ200 ወደ 100 ማውረድ ከ100 አንሥቶ እስከ መቆም ከሚደረገው አያያዝ ሦስት እጥፍ ሙቀት የሚያመነጨው በዚህ ምክንያት ነው። የፊት ፍሬኖች 70 በመቶውን ሥራ ቢሸከሙና እያንዳንዱ የፊት ዲስክ 10 ኪሎ ግራም ብረት ቢኖረው፣ ከ200 ወደ 100 የሚደረግ አንድ አያያዝ ዲስኩን በ125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያግለዋል። ለመቀዝቀዝ ጊዜ ሳያገኝ እንዲህ ያለው አያያዝ አራት ጊዜ ቢከታተል ዲስኩ 500 ዲግሪን ያልፋል።

በጎዳና ላይ ደግሞ ከፍጥነት ይልቅ ቁልቁለት ይከፋል። ያው መኪና ከፍታው 500 ሜትር የሚቀንስ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ7300 ኪሎ ጁል ይበልጣል፤ ይህም ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሥራ ሁለት ጊዜ በላይ ሙሉ በሙሉ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ዝቅ ባለ ማርሽ መውረድና ሞተሩ ከፊሉን እንዲሸከም ማድረግ ከየትኛውም ዕቃ ለውጥ በፊት የሚመጣ የሹፌር ሥራ ነው።

የትኛው ክፍል እንደደከመ ማወቅ

ፔዳሉ ራሱ ይናገራል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከወረደና ደጋግመው ሲረግጡት ተመልሶ ከደነደነ፣ ዘይቱ ካሊፐሩ ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ፈጥሯል፤ ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ፔዳሉ ከላይ ጠንክሮ እያለ መኪናው አልቆም ካለ ደግሞ የከዳው ፓዱ ነው፤ የሰበቃ አቅሙ ከሚችለው ሙቀት በላይ ሄዶ ወድቋል፣ ብዙውን ጊዜም የሚያፍን የማቃጠል ሽታ አብሮት ይመጣል። መሪው ወይም ፔዳሉ የሚርገበገብ ከሆነ ዲስኩ ፊት ላይ የፓድ ቅሪት ወጥነት በሌለው ሁኔታ ተለጥፏል፤ ብዙ ሰው ዲስኩ ጠመመ የሚለው ይህን ነው። ፔዳሉ ሁልጊዜ፣ ሳይሞቅም ጭምር ለስላሳ ከሆነ በመስመሩ ውስጥ አየር አለ፣ ወይም ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ የሚያደርሱት የላስቲክ ቱቦዎች አርጅተው እየተነፉ ነው።

ከዚህ በላይ በልኬት ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ ለሙቀት ተብሎ የተሠራ ቀለም አለ። በዲስኩ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን የሚቀቡ ሦስት ቀለሞች ሲሆኑ፣ በተለመደው ዓይነት አረንጓዴው 430፣ ብርቱካናማው 560፣ ቀዩ ደግሞ 610 ዲግሪ ላይ መልኩን ይለውጣል። ከጉዞው በኋላ የትኛው እንደተለወጠ አይቶ ከፍተኛውን ሙቀት መገመት ይቻላል። ለካሊፐሩም ሙቀት ሲያገኘው የሚጠቁርና ወደ ቀድሞው የማይመለስ ተለጣፊ ወረቀት ይገኛል። በርቀት የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር በሚያብረቀርቅ የዲስክ ፊት ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ እሱን ግራና ቀኝን ለማነጻጸር ብቻ ብጠቀምበት እመርጣለሁ። አንዱ ጎን ከሌላው በብዙ የሚለይ ከሆነ አንድ ፒስተን ወይም የካሊፐር መንሸራተቻ ፒን ተጣብቋልና ማሻሻል ከመታሰቡ በፊት እሱ ይጠገን።

የፍሬን ዘይት

የተለመዱት ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 ዘይቶች (ዶት፣ DOT፣ የፍሬን ዘይት ደረጃ መጠሪያ ነው) ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባሉ፤ ውሃ በገባባቸው መጠንም የመፍላት ነጥባቸው ይወርዳል። ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ልክ ለአዲስ ዘይት በዶት 3 ላይ 205፣ በዶት 4 ላይ 230፣ በዶት 5.1 ላይ 260 ዲግሪ ሲሆን፣ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን በቅደም ተከተል ወደ 140፣ 155 እና 180 ዝቅ ይላል። ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችሉ የውድድር ዘይቶችም አሉ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ እርጥበት ሲገባባቸው ብርታታቸው ቶሎ ስለሚወርድ፣ በየወቅቱ ወይም ከእያንዳንዱ ከባድ የሜዳ ቀን (በመሮጫ ሜዳ ላይ ከሚነዳበት ቀን) በፊት ለሚቀይር ሰው እንጂ አንዴ ጨምሮ ለሚረሳ ሰው አይሆኑም። በዋናነት በጎዳና ለሚነዳ መኪና በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን የእርጥብ መፍላት ነጥብ አይቶ መምረጥና ቢዘገይ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይበቃል። ከሲሊኮን የሚሠራው ዶት 5 ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ ስሙ ከዶት 5.1 ጋር ስለሚመሳሰል ሲገዙ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ዘይቱን ሲቀይሩ አዲስ የተከፈተ ብልቃጥ ብቻ ይጠቀሙ፤ ለወራት ተከፍቶ የቆየ ብልቃጥ እርጥበቱን ቀድሞ ጠጥቷል። በካሊፐሩ የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ይግጠሙና ጫፉን ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩት። ረዳትዎ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ሲረግጥ ብሎኑን ይክፈቱ፤ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት ይዝጉ። በብዙ መኪና ላይ የሚጀመረው ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) ከሚርቀው ጎማ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ እንደ መኪናው ይለያያልና የጥገና መመሪያውን ይከተሉ። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ባረጀ ማስተር ሲሊንደር ላይ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ድረስ መርገጥ የውስጡን ጎሚኒ ፒስተኑ ደርሶበት በማያውቀው ሻካራ ክፍል ላይ አስፈትጎ ሊቀድደው ስለሚችል፣ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ማስቀመጥ ይጠቅማል። የፈሰሰ ዘይት የመኪናን ቀለም ይልጣል፤ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ።

በሽቦ የተሸመነ ሽፋን ያላቸው የፍሬን ዘይት ቱቦዎች በዚሁ አጋጣሚ ሊገጠሙ ይችላሉ። ፔዳሉን ያጠነክራሉ፤ ሙቀቱን ግን በምንም አይቀንሱም። ለጎዳና የተፈቀደላቸውን መምረጥና የመዳብ ቀለበት ባለበት መጋጠሚያ ሁሉ አዲስ ቀለበት መጠቀም ግዴታ ነው።

ፓድ

ከዘይት ቀጥሎ በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ፓድ ነው። ተራ የጎዳና ፓድ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ መድከም ሲጀምር፣ ለሜዳ የተሠራው ከ600 በላይም ሊዘልቅ ይችላል። ይሁን እንጂ የሜዳ ፓድ ጠዋት ገና በቀዘቀዘበት ሰዓት ደካማ አያያዝ አለው፤ ይጮኻል፣ ዲስኩን ይበላል፣ በቸርኬው ላይ ዝገት መስሎ የሚጣበቅ አቧራ ይረጫል። ልጅ ከፊቱ ዘው ሊል በሚችልበት መንደር ውስጥ የሚነዳ መኪና በመጀመሪያው ርግጫ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ ለጎዳና የውድድር ፓድ አይመከርም። ለፈጣን ጎዳናና አልፎ አልፎ ለሚደረግ የሜዳ ቀን የተሠራ መካከለኛ ፓድ ይምረጡ፤ በሜዳ ብዙ የሚውል ሰው ደግሞ ሁለት ስብስብ ይዞ ቢቀያይር ይሻላል። የፊትና የኋላው ዓይነት ተመጣጣኝ ይሁን፤ የኋላው ከፊቱ በጣም ነካሽ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ኋላውን ሊያዞር ይችላል።

አዲስ ፓድ ከዲስኩ ጋር መለማመድ አለበት። ፋብሪካው የሰጠው መመሪያ ከሌለ፣ ባዶና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ከ100 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስምንት ወይም አሥር ጊዜ በመጠኑ ጠንከር አድርገው ይያዙ፤ ኤቢኤሱ አይነሣ፣ መኪናውም ፈጽሞ አይቁም። ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳይነኩ በመንዳት ያቀዝቅዙት። ሞቆ ሳለ ፔዳሉን ረግጠው ቢቆሙ ፓዱ በነካበት ቦታ ቅሪቱን ያትማል፤ ያ ጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር የማይሞላ እብጠት ነው በኋላ መሪውን የሚያንቀጠቅጠው። ያልተለማመደ ፓድ መጀመሪያ በኃይል ሲግል ከውስጡ ጋዝ ስለሚወጣ ለጊዜው ሊንሸራተት እንደሚችልም ይወቁ።

የተፈታው ፓድ መረጃ ይሰጣል። ጠርዙ ነጥቶ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ከአቅሙ በላይ ግሏል። አንዱ ጫፉ ከሌላው ከሳሳ ወይም የውስጡ ከውጭው በብዙ ካለቀ ጥፋቱ የተጣበቀ ፒን ወይም የሰነፈ ፒስተን ነው። አቧራውን በአየር ግፊት አይንፉት፤ አይተንፍሱትም። በፈሳሽ ማጽጃ ይታጠብ።

ዲስክ

ለፈጣን መኪና መሃሉ አየር የሚያሳልፍ ዲስክ ያስፈልጋል። ሁለቱን የዲስክ ፊቶች የሚያገናኙት የውስጥ ክንፎች ዲስኩ ሲሽከረከር አየርን ከሞዞው (ቸርኬውና ዲስኩ ከሚታሰሩበት መሃል) አጠገብ ስበው ወደ ውጭ ጠርዙ ይወረውራሉ፤ ዲስኩ ራሱ የአየር ፓምፕ ነው ማለት ነው። ክንፎቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ግራና ቀኙ አይለይም። ጠምዛዛ ከሆኑ ግን ከመሃል ወደ ጠርዝ ሲሄዱ ከማሽከርከሪያው አቅጣጫ ወደ ኋላ መጋደል አለባቸው፤ ገልብጦ መግጠም ፓምፑን ያዳክመዋል። ለዚህ የሚታየው የውስጥ ክንፍ ነው እንጂ በፊቱ ላይ ሆን ተብሎ የተቀረጸው ጭረት አይደለም፤ በዚህ ላይ የሚሳሳቱ ባለሙያዎችም አጋጥመውኛል።

የተበሳ ዲስክ ቀለል ያለና ሲያዩት የሚያምር ቢሆንም፣ በተደጋጋሚ ከፍተኛ ሙቀት ላይ ስንጥቅ ከቀዳዳዎቹ ይጀምራል። ለሜዳ የሚወጣ መኪና ያልተበሳ ወይም ጭረት ብቻ ያለው ዲስክ ቢይዝ ይሻላል። መሃሉ ከአሉሚኒየም፣ ሰበቃ የሚያርፍበት ቀለበት ከብረት የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ዲስክ ክብደት ይቀንሳል፣ ቀለበቱም ሲግል ያለ ጭንቀት እንዲሰፋ ያደርጋል፤ በውድነቱ ምክንያት ግን ቀጥሎ ከሚመጣው ሥራ በፊት አልገዛውም። በዲስኩ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት ሲደርስ፣ ወይም ስንጥቁ እስከ ጠርዙ ሲዘልቅ ዲስኩ ይቀየራል። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚያጠራቅምበት ብረት ስለሌለው ቶሎ ይግላል።

አየርን ወደ ዲስኩ ማምጣት

ሙቀቱን ከምንጩ የሚያወጣው ይህ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። አየሩ የሚገባበት አፍ ግፊት ባለበት ቦታ፣ ማለትም ወደ ፊት በሚያይ የባምፐር ክፍል ላይ መሆን አለበት፤ የጭጋግ መብራት ቦታ ብዙ ጊዜ ተስማሚ ነው። ወደ ጎን የሚያይ ወይም በባምፐሩ ጥምዝ ላይ ያለ አፍ አየሩን ከመቀበል ይልቅ ሊያስመልጥ ይችላል። ከአፉ እስከ ዲስኩ ድረስ ከ63 እስከ 76 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ቱቦ ይጠቀሙ። ተራ የፕላስቲክ ቱቦ ከዲስኩ አጠገብ ይቀልጣል። መታጠፊያው በጨመረ ቁጥር የሚደርሰው አየር ስለሚቀንስ፣ የቱቦው መንገድ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን።

ወሳኙ ነጥብ የቱቦው ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ነው። አየሩ መግባት ያለበት የዲስኩ ክንፎች ከሚስቡበት ከመሃሉ፣ ከሞዞው ዙሪያ ካለው ክፍተት ነው። ቱቦውን በዲስኩ የውስጥ ፊት ላይ ብቻ ማነጣጠር አንዱን ፊት አቀዝቅዞ ሌላውን በትኩሱ ይተወዋል፤ ሁለቱ ፊቶች በተለያየ ልክ ሲሰፉ ዲስኩ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ከአቧራ መከላከያው ላሜራ ፋንታ፣ የቱቦ አንገት የተበየደበትና የዲስኩን መሃል የሚሸፍን ላሜራ ከመሪው እጅ (ሞዞውን ይዞ ከመሪው ጋር ከሚዞረው ብረት) ጋር በብሎን ይታሰራል። ለመኪናው የተዘጋጀ ካልተገኘ ከካርቶን ልክ ቆርጦ ከአሉሚኒየም ላሜራ ማሠራት ይቻላል። የአቧራ መከላከያውን አውልቆ ብቻ መተውን አልደግፍም፤ ከጀርባው ያሉት የመገጣጠሚያ ጎሚኒዎችና የጎማ ፍጥነት ሴንሰሩ ሽቦ ለዲስኩ ትኩሳት ይጋለጣሉ።

ቱቦ መዘርጋት ለማይፈልግ የጎዳና ሹፌር ቀላል አማራጭ አለ፤ በታችኛው የእገዳ ክንድ ላይ የሚታሰር፣ ከመኪናው ሥር የሚያልፈውን አየር ወደ ዲስኩ የሚመራ የፕላስቲክ ክንፍ። ፖርሸ በ911 ጂቲ3 ላይ እንዲህ ያለውን ይገጥማል፤ ሌሎች መኪኖች ላይም አስተካክለው የሚያስሩት ብዙ ናቸው።

ከገጠሙ በኋላ መኪናውን በደህና መቆሚያ ላይ አሳርፈው፣ ጎማው እንደተገጠመ በታችኛው ክንድ ሥር ክሪክ አስገብተው ያንሡና መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው ያዙሩት። ቱቦው በሁለቱም ጫፍ ላይ ከጎማው ጋር መነካካት የለበትም። በእጅ ሲያዞሩ ንጹሕ የመሰለ ቱቦ መንገድ ላይ ሊነካ ስለሚችል፣ የቱቦውን ጎን በጠመኔ ቀብቼ ጠባብ ቦታ ላይ ቀስ ብዬ ዙሪያውን እነዳለሁ፤ ጠመኔው የተጠረገበት ቦታ ጎማው የደረሰበት ነው። አንድ ጊዜ የጣት ጥፍር የሚያህል ጥርግ ብቻ አይቼ ማሰሪያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አዛውሬዋለሁ፤ ያ ጥርግ ቢተው ኖሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀዳዳ ይሆን ነበር። በዝናብና በብርድ ወቅት አፉን በክዳን መዝጋት አይርሱ፤ ውሃና ጠጠር በቀጥታ ወደ ዲስኩ ይሄዳሉ፣ ፓዱም ከሚፈልገው ሙቀት በታች ይቀራል።

ትልቅ ዲስክና ትልቅ ካሊፐር

ዘይቱ፣ ፓዱና አየሩ ተስተካክለው የዲስኩ ሙቀት አሁንም ከ600 ዲግሪ በላይ የሚዘልቅ ከሆነ፣ ተጨማሪ ብረት ያስፈልጋል፤ ትልቅ ፍሬን ተገቢ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ሲመርጡ የዲስኩን ክብደትና ውፍረት ከስፋቱ እኩል ይዩ።

የፊቱን ብቻ ማሳደግ የፊትና የኋላን ሚዛን ይለውጣል። ለምሳሌ የፓዱ ቁመት 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ዲስኩ ከ300 ወደ 330 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፣ ፓዱ የሚይዝበት ርቀት ከመሃል ሲለካ ከ125 ወደ 140 ያድጋል፤ ይህ ብቻውን በእኩል ግፊት የፊቱን ኃይል 12 በመቶ ይጨምራል። የፒስተኖቹ ስፋትም አብሮ ካደገ የፊት ጎማዎች ቀድመው ይቆለፋሉ፣ የኋላዎቹ ሥራ ይፈታሉ፣ የመቆሚያው ርቀትም ሊረዝም ይችላል። በተጨማሪም ሰፊ ፒስተን ብዙ ዘይት ስለሚፈልግ ማስተር ሲሊንደሩ እንደነበረ ከቀጠለ ፔዳሉ ይረዝማል። ስለዚህ የፒስተኖቹን አጠቃላይ ስፋት ከፋብሪካው ጋር አነጻጽሮ የሚነግር ሻጭ ይምረጡ፤ የፒስተን ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ከዲስኩ መስፋት ጋር በመጠኑ ያነሰ የፒስተን ስፋት ያለው ስብስብ ሚዛኑን ሊጠብቅ ይችላል፤ የኤቢኤስና የመረጋጊያ ሥርዓቱም የተስተካከሉት ለዚያ ሚዛን ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ የሚሰጠውን የካሊፐር ልክ በካርቶን ቆርጠው በቸርኬው ውስጥ ይሞክሩ፤ ጥበቱ ከዙሪያው ይልቅ ብዙ ጊዜ ከቸርኬው ክንዶች ጀርባ ነው። የመንገድ ፈቃድና የመድን ሁኔታም በየአገሩ ስለሚለይ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ከከባድ ጉዞ በኋላ

መኪናው ሲቆም የአየሩ ፍሰት ይቆማል፤ በዲስኩ ውስጥ ያለው ሙቀት ግን ወደ ካሊፐሩና ወደ ዘይቱ መሄዱን ይቀጥላል። ዘይቱ ከቆሙ በኋላ ሊፈላ የሚችለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳይነኩ በዝግታ ይንዱ፤ ሲያቆሙም ዲስኩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የእጅ ፍሬን አይያዙ፣ በማርሽ ይተዉትና ከጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ። በማግሥቱ ቸርኬዎቹን ፈትተው የፓዱን ውፍረት፣ የዲስኩን ስንጥቅ፣ የቀለሞቹን መልክና የቱቦውን ማሰሪያዎች ይመልከቱ፤ የጎማውን ብሎኖች የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ያጥብቁና ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ ደግመው ይፈትሿቸው።